ለወሬው የከፈለው ማን ነው?

(በወላይታ ሶዶ በተካሄደው የማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ በሒሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍሉ ሲጠራ የምትጠብቁት የቁጠባና የብድር ሪፖርት እንደሆነ እናውቃለን። እሱ ጠዋት ቀርቧል። አሁን የምንነጋገረው የውጭ መንግሥታት ስለሚደጉሟቸው መገናኛ ብዙኃንና ስለ ምርጫ ነው። የሒሳብ ሰዎች ስለ ሬዲዮና ስለ ፌስቡክ ምን አገባቸው የምትሉ ትኖራላችሁ። ሬዲዮ ጣቢያም እኮ በጀት አለው። ገንዘብ የሚሰጠው አለ፣ ተቀብሎ የሚያወጣ አለ፣ ለሰጪው ሪፖርት የሚያቀርብ አለ። ገንዘብ ባለበት ሁሉ ደግሞ የእኛ ጥያቄ ይከተላል፦ ይህ ገንዘብ የማን ነው? ለምን ተሰጠ? ደረሰኙስ የት አለ?

ጉዳዩን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከፊታችን 7ኛው አጠቃላይ ምርጫ አለ። በየቡድናችን የስብሰባ ቀን ቁጠባው ተቆጥሮ ሣጥኑ ከተቆለፈ በኋላ ስልክ ይወጣል። አንዷ ፌስቡክ ላይ ያየችውን፣ ሌላዋ በቴሌግራም የተላከላትን፣ ሦስተኛዋ ባለቤቷ ማታ ከሬዲዮ የሰማውን ታወራለች። ለአምስት ብር ደረሰኝ የምንጠይቅ ሴቶች፣ ስለ አገራችን የሚነገረንን ግን ያለ ደረሰኝ ተቀብለን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ከመንገድም ለሌላ እናስተላልፈዋለን።

የቆየ እንግዳ

የውጭ መንግሥት ሬዲዮ ለቤታችን አዲስ አይደለም። የጀርመን ድምፅ የምንለው ዶይቸ ቬለ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ እዚህ ካለነው አብዛኞቻችን ያኔ አልተወለድንም። የአሜሪካ ድምፅ በደርግ ጊዜ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ተከተለ። በዚያው ዘመን ሞስኮም በአማርኛ ትናገር ነበር። ቢቢሲ በበኩሉ በመስከረም 2010 በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ሥራ ጀመረ። አባቶቻችን ማታ ማታ ሬዲዮናቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው ያዳምጡ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን።

ለምን ነበር የሚያዳምጡት? ይህን ሳንመልስ ስለ ውጭ ተጽዕኖ ብንናገር ወጪውን ጽፈን ገቢውን እንደ መተው ይሆንብናል። የሚያዳምጡት የአገር ውስጡ ሬዲዮ የማይነግራቸው ነገር ስለነበረ ነው።

የግንቦት 7 ቀን 1997ን ምርጫ እናስታውስ። ከምርጫው በፊት በመንግሥት ቴሌቪዥን ክርክር አየን፤ አገሩ ሁሉ ተነቃቃ። በውጤቱ ላይ ውዝግብ ተነሥቶ ደም ከፈሰሰ በኋላ ግን የአገር ውስጡ ድምፅ አንድ ዓይነት ሆነ፤ ሕዝቡም ወደ አጭር ሞገድ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ከተከሰሱት መካከል አምስት የአሜሪካ ድምፅ ጋዜጠኞች ይገኙ ነበር፤ ክሱ በኋላ ተነሣላቸው።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ሌላ ምርጫ ሊደረግ ሁለት ወር ሲቀረው፣ በመጋቢት 2002 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ፕሮግራም በሩዋንዳ እልቂት ካነሣሣው ሬዲዮ ሚል ኮሊን ጋር አመሳሰሉት። ማፈኛው ዝግጁ ሲሆን ሥርጭቱ እንዲታፈን እንደሚያዝዙም በአደባባይ ተናገሩ። የግንቦት 15ቱ ምርጫ ሲጠናቀቅ ከ547 የምክር ቤት ወንበሮች ለገዥው ፓርቲና ለአጋሮቹ ያልሆኑት ሁለት ብቻ ነበሩ። የሬዲዮው መታፈን ግን የውጭውን ድምፅ አላስረሳም፤ እንዲያውም «የሚያፍኑት እውነት ቢሆን ነው» የሚል እምነት አተረፈለት። የተከለከለ ነገር ሁሉ እውነት ባይሆንም ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው።

ወደ ራሳችን እንምጣ። በነሐሴ 2012 የዞናችን አመራሮችና ሌሎች ሰዎች ስብሰባ ላይ እንዳሉ ሲታሰሩ፣ ከዚያም በሶዶና በቦዲቲ የሰው ሕይወት ሲጠፋ፣ ምን እየሆነ እንዳለ የማወቅ ጉጉታችን የቱን ያህል እንደነበር አንረሳውም። ስለ ገዛ ከተማችን ከሩቅ ሆኖ የሚነግረን በዛ፤ ከዚሁ ሆኖ በግልጽ የሚነግረን አነሰ። የውጭ ድምፅ ቤታችን የሚገባው በር ሰብሮ ላይሆን ይችላል። የቤቱ ሰው ዝም ሲል ጆሮ ራሱ ተነሥቶ በሩን ይከፍትለታል።

ገንዘቡ ከየት ነው?

አሁን መዝገቡን እንግለጥ። የጀርመን ድምፅ ወጪ የሚሸፈነው ከጀርመን ፌዴራል መንግሥት በጀት ነው። የአሜሪካ ድምፅ በጀት የሚጸድቀው በአሜሪካ ምክር ቤት ነው። የቢቢሲ የዓለም አገልግሎት ከእንግሊዝ ሕዝብ የቴሌቪዥን ክፍያና ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በሚሰጥ ድጎማ ይሠራል። አልጀዚራን የምትደግፈው ኳታር ናት። ሲጂቲኤንና ሺንዋ የቻይና መንግሥት ናቸው። በ2017 አዲስ አበባ ላይ ቢሮ ከፍቶ በአማርኛ የሚሠራው ስፑትኒክ የሩሲያ መንግሥት ነው። የራሳችን ኢቢሲም የራሳችን መንግሥት መሆኑን አንርሳ።

ሁሉም የመንግሥት ገንዘብ ነው ማለት ግን ሁሉም አንድ ናቸው ማለት አይደለም። ከለጋሾች ጋር ስንሠራ ልዩነቱን በራሳችን ቤት አይተነዋል። አንዱ ለጋሽ ገንዘቡን ሰጥቶ ዓመቱን ሙሉ ሪፖርት ይጠይቃል፤ ሥራውን ግን ለእኛ ይተወዋል። ሌላው ቃለ ጉባኤያችሁንም እኔ ልጻፍላችሁ ይላል። በመገናኛ ብዙኃንም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ድምፅ ዜናው ትክክለኛና ሚዛናዊ እንዲሆን የሚያዝ ሕግ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለው፤ ዶይቸ ቬለና ቢቢሲም ከመንግሥታቸው ጋር ያላቸውን ርቀት የሚወስን ሕግና ደንብ አላቸው። በሌሎቹ ዘንድ ዜናውም ትእዛዙም ከአንድ ቤት የሚወጣበት ጊዜ አለ።

ይሁንና ሕጉ ምንም ያህል ቢያምር ከረጢቱን የያዘው ሰው ከረጢቱን መዝጋት ይችላል። ይህን በመጋቢት 2017 አየነው። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት በፈረሙት አንድ ትእዛዝ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች በአንድ ቀን ውስጥ ከሥራ እንዲርቁ ተደረገ፤ የአማርኛው፣ የአፋን ኦሮሞውና የትግርኛው ክፍልም ዝም አሉ። አርባ ዓመት ያለፈው ድምፅ ነበር። ባለፉት ምርጫዎች መንግሥታችን ማፈኛ ገዝቶ ሊያጠፋው የሞከረውን ድምፅ የገዛ ባለቤቱ በፊርማ አጠፋው። በዚያው ሰሞን በአሜሪካ እርዳታ ይሠሩ የነበሩ ፕሮጀክቶችም በተመሳሳይ ትእዛዝ መቆማቸውን እናንተም እኛም እናውቃለን። ሬዲዮውም ፕሮጀክቱም ጠቅሞን ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ግን አልነበሩም። ስለ ምርጫችን የምናውቀው ሁሉ በሌላ አገር በጀት ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ፣ በጀቱ የተቋረጠ ቀን መስማታችንም አብሮ ይቋረጣል።

ስሙን የጻፈና ስሙን የደበቀ

እስካሁን የጠራናቸው ጣቢያዎች አንድ መልካም ነገር አላቸው፤ ስማቸው በራቸው ላይ ተጽፏል። የሚያሰጋው ስም የሌለው ደረሰኝ ነው።

በነሐሴ 2016 መጨረሻ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በሩሲያው ጣቢያ አርቲ ሁለት ሠራተኞች ላይ ክስ መሠረተ። ክሱ እንደሚለው፣ የአሜሪካ ምርጫ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው፣ ቴነሲ ውስጥ ላለ የቪዲዮ አዘጋጅ ድርጅት ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ በስውር ተልኳል። ገንዘቡ በቱርክ፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና በሞሪሺየስ በተመዘገቡ ድርጅቶች በኩል ዞሮ ነው የገባው። በባንክ ማስተላለፊያው የምክንያት ቦታ ላይ ደግሞ ለአንዳንዱ ክፍያ የተጻፈው የአይፎን ስልክ ግዥ ነው! ገንዘቡ በእጃቸው የደረሰ ታዋቂ ተናጋሪዎች ከጀርባው ማን እንዳለ እንደማያውቁና እንደተታለሉ ተናግረዋል። ከእናንተ መካከል ገንዘብ ያዥ የሆናችሁ ይህን ስትሰሙ ምን ትላላችሁ? ለስልክ ግዥ የተከፈለ ገንዘብ ካለ ስልኩ የት አለ አትሉም?

በመጋቢት 2012 ደግሞ ጋና ውስጥ ራሱን በጎ አድራጎት ድርጅት ብሎ የሚጠራ አንድ ቢሮ ተገኘ። ወጣቶች ቀጥሮ ስልክ ሰጥቷቸው ነበር፤ ሥራቸው አሜሪካ ውስጥ ስላለው የጥቁርና የነጭ ልዩነት ቁጣ የሚቀሰቅሱ ጽሑፎችን መለጠፍ ነው። ፌስቡክ ገጾቹን ሲዘጋ እንዳስታወቀው፣ ሥራው ሩሲያ ውስጥ ላሉ ሰዎች የሚሠራ ሲሆን ከጋናና ከናይጄሪያ ሠራተኞች አንዳንዶቹ እያወቁ፣ አንዳንዶቹ ሳያውቁ ይሠሩ ነበር። ሳያውቁ የሠሩት እንደ እኛው ልጆች ሥራ ፈላጊዎች ናቸው። ቢሮው የድርጅት ስም፣ ደመወዝ፣ መልካም ዓላማም ነበረው። ያልነበረው የገንዘብ ሰጪው ስም ብቻ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ በ2013፣ 6ኛው ምርጫ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ፌስቡክ ግብፅ ውስጥ ካለ የማስታወቂያ ድርጅት ጋር ያያያዘውን አነስተኛ የሐሰተኛ ገጾች መረብ ዘጋ። ከኢላማዎቹ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ከሚጻፍባቸው ቋንቋዎችም አንዱ አማርኛ ነው። የሕዳሴ ግድቡ ሙግት ባየለበት ጊዜ አንድ የካይሮ ድርጅት የአማርኛ ዜና አቅራቢ መስሎ ቢመጣ የሚያነበው ሰው በምን ይለየዋል? ፊደሉ የእኛው ነው፤ ቋንቋው የእኛው ነው።

አጥሩ

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ አባቶቻችን። ስለ ውጭ እጅ ብዙ ስንናገር የራሳችንን አጥር ማየት እንዳንረሳ እንሰጋለን።

ፌስቡክ በዚያው ዓመት ሰኔ 9 ቀን፣ ድምፅ ሊሰጥ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሌላ መረብ መዝጋቱን አስታወቀ። ይህኛው 65 የፌስቡክ አካውንቶች፣ 52 ገጾች፣ 27 ግሩፖችና 32 የኢንስታግራም አካውንቶች ነበሩት። ፌስቡክ መረቡን ያያያዘው ከባሕር ማዶ ካለ ድርጅት ጋር አይደለም፤ ከኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ጋር ግንኙነት አላቸው ካላቸው ግለሰቦች ጋር ነው። ጽሑፎቹ በአብዛኛው ገዥውን ፓርቲ የሚያወድሱና ተቃዋሚዎችን የሚያጥላሉ ነበሩ። የተደበቀ ደረሰኝ ፓስፖርት የለውም ማለት ነው። የውጭም የውስጥም ይሆናል፤ የሚጎዳው ግን ያንኑ መራጭ ነው።

ከዚህም ቀረብ ያለ ነገር አለን። ጥር 29 ቀን 2015 ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች በሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሰጡ። ነጭ እርግብና ጎጆ ቤት የሚሉትን ምልክቶች ሁላችንም እናስታውሳቸዋለን። ከሁሉም ቦታ የምርጫ ቦርድ ውጤቱን የሰረዘው በአንድ ዞን ብቻ ነው፤ በወላይታ። ቦርዱ በምዝገባውና በድምፅ አሰጣጡ ላይ ከባድ የሕግ ጥሰት ማግኘቱን አስታወቀ። ሰኔ 12 ቀን 2015 እንደገና ተሰለፍን። ልጅ አዝለን፣ ገበያ ትተን፣ አንድ ጊዜ የከፈልነውን ዕዳ ሁለተኛ ከፈልነው። ከዚያ በነሐሴ ወር የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ሶዶም የክልሉ መቀመጫ ሆነች።

ያንን ድምፅ ያበላሸው የሞስኮ ሬዲዮ አልነበረም። የካይሮ ገጽም አልነበረም። መዝገቡ ያለው በእኛው ቀበሌ፣ ብዕሩ የተያዘው በእኛው ሰው እጅ ነበር።

እንዲህ ስንል የውጭው ተጽዕኖ ተረት ነው ማለታችን አይደለም። ሮማኒያ የምትባል የአውሮፓ አገር በኅዳር 2017 የፕሬዝዳንት ምርጫ አድርጋ ብዙም ያልታወቀ አንድ ዕጩ በመጀመሪያው ዙር መሪ ሆኖ ወጣ። የአገሪቱ የጸጥታ ተቋማት በቲክቶክ የተቀነባበረ ዘመቻ እንደነበረና የሩሲያ እጅ እንደሚጠረጠር የሚገልጹ ሰነዶች ወጡ፤ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱም ምርጫውን ሙሉ በሙሉ ሰረዘው። ሮማኒያውያንም እንደ እኛ ወራት ቆይተው እንደገና ተሰለፉ። በእነሱ ዘንድ አሁንም ክርክሩ አላበቃም። አንዱ ወገን ፍርድ ቤቱ ድምፃችንን አዳነልን ሲል ሌላው ነጠቀን ይላል። በእነሱ ዘንድ የተጠረጠረው ከውጭ፣ በእኛ ዘንድ የተገኘው ከውስጥ ነው። ለተሰለፈችው ሴት ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የሰጠችውን ድምፅ ዋጋ አሳጥተውባታል።

እኛስ ከውጭ ገንዘብ አንቀበልም?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ከአባላትም ከአጋሮችም ይነሣል፤ ራሳችን እናንሣው። ይህ ማኅበር ከአባላት ቁጠባ ሌላ ከለጋሾች ድጋፍ ያገኛል። ከለጋሾቹም የውጭ የሆኑ አሉ። ታዲያ የውጭ ገንዘብ የሚያሠጋ ከሆነ እኛስ ማን ነን?

ይህ ጥያቄ በአገራችን ሕግ ሆኖ አልፏል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከበጀቱ ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በሴቶች እኩልነትና በመሰል ጉዳዮች እንዳይሠራ ከለከለ። ሐሳቡ የውጭ እጅን መቁረጥ ነበር። በተግባር ግን ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ለተደበደቡና ንብረታቸውን ለተነጠቁ ሴቶች ነፃ የሕግ አገልግሎት የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር። የውጭውን እጅ ለመምታት የተሰነዘረው ዱላ ያረፈው በባሏ በተደበደበች ሴት ላይ ነው። ያ አዋጅ በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ። የገንዘቡ ከውጭ መምጣት ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ መደበቁ ነው። የእኛ የለጋሽ ገንዘብ ውል አለው፣ በባንክ ይገባል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፣ በውጭ ኦዲተር ይመረመራል፣ እናንተም እዚህ ተቀምጣችሁ ትጠይቁናላችሁ። ስለዚህ አንዲት አባል «ይህ ገንዘብ የማን ነው?» ስትል ተሳድባለች አንበል። መብቷንም ግዴታዋንም ነው የተወጣችው። የሚቆጣ ካለ እሱ ነው የሚያጠራጥረው።

በምርጫ ጉዳይ ደግሞ ሕጉ ጠበቅ ይላል። በ2011 የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ፓርቲዎች ከውጭ ሰዎችና ድርጅቶች እንዲሁም ምንጩ ካልታወቀ ሰው ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። እንደ እኛ ያለ ማኅበርም ለፓርቲ መስጠት አይችልም፤ የመራጮች ትምህርት ለመስጠትም የምርጫ ቦርድ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሆኖም እንደ ሒሳብ ሰው ስናየው አንድ ክፍተት ይታየናል። የውጭ መንግሥት ለአንድ ፓርቲ ሺህ ብር ቢሰጥ ሕግ ይይዘዋል። የአንድ ሰዓት የአየር ሰዓት ቢሰጠው ወይም መቶ ሐሰተኛ ገጽ ከፍቶ ቢያወድሰው ግን በየትኛው ዓምድ ይመዘገባል? ብሩን የሚቆጥር አለ፤ ወሬውን የሚቆጥር የለም። ያንን ቦታ የምንሞላው እኛ አድማጮቹ ነን።

ሦስት ቁልፍ

የቁጠባ ሣጥናችን ሦስት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹም በሦስት ሴቶች እጅ ናቸው። አንዷ ብቻዋን መክፈት አትችልም። ይህን ያደረግነው እህቶቻችንን ስለማናምን አይደለም፤ መተማመናችን እንዲቆይ ብለን ነው። ለወሬም እንዲሁ ሦስት ቁልፍ ይኑረን።

የመጀመሪያው ቁልፍ «የማን ነው?» የሚለው ነው። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይባላል። ጣቢያው ወይም ገጹ ስም አለው? ከጀርባው የቆመው መንግሥት፣ ፓርቲ ወይም ነጋዴ ይታወቃል? የጣቢያውን ዓርማ የለጠፈ ሁሉ ጣቢያው አይደለም፤ ዓርማ ከገበያ እንደሚገዛ ማኅተም ይቀረጻል። ስም የሌለውን ወሬ ስም የሌለውን ደረሰኝ እንደምንመልስ እንመልሰው።

ሁለተኛው ቁልፍ «ሌላ ማን አለ?» ነው። ወር ሲያልቅ የእኛን መዝገብ ከባንኩ ጋር እናስታርቃለን፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ልዩነቱን ሳናገኝ አንፈርምም። ወሬንም እናስታርቅ። የጀርመን ድምፅ ያለውን ኢቢሲ ምን አለው? ሁለቱ የሚለያዩት የት ላይ ነው? ስለ ምርጫ ቀን፣ ስለ ምዝገባና ስለ ውጤት ከሆነ የምርጫ ቦርድ ራሱ ምን አለ? ሁለት መንግሥታት የሚጣሉበትን ነገር ከአንዱ ብቻ ሰምተን አንፍረድ።

ሦስተኛው ቁልፍ «ምን እንድናደርግ ይፈልጋል?» ነው። ዜና ያሳውቃል። የተከፈለበት ወሬ ግን አንድ ነገር ያዛል፤ ጎረቤትሽን ጥዪ፣ ቤት ተቀመጪ አትምረጪ፣ ምርጫው ገና ሳይደረግ አልቋል፣ የእነ እገሌ ብሔር ሊውጥሽ ነው ይላል። አንብበን ስንጨርስ ደማችን ከፈላ፣ ለመላክ ከመቸኮላችን በፊት አንድ ሌሊት እናሳድረው። ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንደሚያስቀጣም አንርሳ። «እኔ አልጻፍኩትም፣ የላክሁት ብቻ ነው» ማለት አያድንም።

በእኛ ዞን ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። የጠራናቸው የአሜሪካ፣ የጀርመንና የእንግሊዝ ጣቢያዎች አንዳቸውም በወላይትኛ አያሰራጩም። ወሬው በአማርኛ መጥቶ ገበያ ላይ፣ ቡና ላይ፣ እንሰት ሲፋቅ ወደ ወላይትኛ ይመለሳል። የሚመልሱት ብዙ ጊዜ የተማሩ ልጆቻችንና ከእናንተ መካከል ማንበብ የምትችሉት ናችሁ። እንግዲህ የመጨረሻዋ የዜና አዘጋጅ ሞስኮ ወይም ዋሽንግተን ያለች አይደለችም፤ እዚሁ አረካ፣ ቦዲቲና ሁምቦ ያለች ናት። ጸሐፊው «ይባላል» ብሎ የጻፈውን «ነው» ብላ ከተረጎመችው የሰማችው እናት ማጣሪያ የላትም። ስለዚህ ስንተረጉም ምንጩንም አብረን እንተርጉም፦ ይህን ያለው እገሌ ነው፣ ገንዘቡ ከእገሌ አገር ነው፣ ይህኛው የተረጋገጠ ነው፣ ያኛው ገና ወሬ ነው። ማንበብ ላልቻለችው እህታችን የምንሰጣት ትልቁ አክብሮት ይህ ነው።

ለስብሰባው የምናቀርበው

በመጨረሻ የሒሳብ ክፍሉ ሦስት ነገሮችን ለውሳኔ ያቀርባል።

አንደኛ፣ እስከ ምርጫው ድረስ በየቡድኑ ስብሰባ ማብቂያ ላይ አሥር ደቂቃ ተመድቦ የሳምንቱ ወሬ በሦስቱ ቁልፎች ይፈተሽ። የማን ደጋፊ ነሽ የሚል ጥያቄ አይነሣበት፤ የሚፈተሸው ወሬው እንጂ ሴትየዋ አይደለችም። ለማን ድምፅ እንደምትሰጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ባሏም፣ ሰብሳቢዋም፣ እኛም አንጠይቃትም።

ሁለተኛ፣ በማኅበሩ ስም፣ በማኅበሩ አዳራሽና በቡድኖቻችን የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ ያዘጋጀውና የከፈለለት አካል ስም ያልተጻፈበት ማንኛውም የምርጫ ጽሑፍ፣ ድምፅም ሆነ ቪዲዮ አይሰራጭ። የውጭም ይሁን የአገር ውስጥ፣ የምንወደውም ይሁን የማንወደው።

ሦስተኛው አጋሮቻችንን ይመለከታል። ድጋፋችሁን እናከብራለን፤ ብዙ እህቶቻችን በእሱ ቆመዋል። ከእንግዲህ የእያንዳንዱ ድጋፍ ምንጭ፣ መጠንና ዓላማ በአማርኛና በወላይትኛ ተጽፎ በቢሮአችን ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ እንጠይቃለን። ስሙ እንዲለጠፍ የማይፈቅድ ለጋሽ ቢኖር፣ ገንዘቡ ምንም ያህል ቢያስፈልገን፣ ማኅበሩ ከመቀበሉ በፊት ለዚህ ጉባኤ ይቅረብ። ይህ ውሳኔ አንዳንድ ገንዘብ ሊያሳጣን እንደሚችል ቁጥሩን የምንይዘው እኛ እናውቃለን። በቀጣዩ ዓመት በጀት ላይ ጫናው ይታያል። ቢሆንም የማናውቀው ሰው በከፈለው ገንዘብ ከምንሰፋ በምናውቀው ብንጠብ ይሻላል እንላለን።

ሌሎችን ደረሰኝ የምንጠይቀው የራሳችንን በግልጽ ስናሳይ ነው። የማኅበሩ የሒሳብ መዝገብ ዛሬ ከሻይ በኋላ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ይከፈታል። የምትጠይቁ ሁሉ ኑ፣ ጠይቁን።